ገንዘቡ የማን፣ ጥያቄው የማን? የ19ኛው ምዕተ ዓመት የመንግሥት ምርምርና የወለጋ ምድር

በመድረሳዎቻችን የታሪክ ክፍለ ጊዜ፣ አልፎ አልፎም በኹጥባ መካከል፣ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ትረካ አለ። ሙስሊሙ ዓለም ከአውሮፓ ኋላ በቀረበት በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻና ተከታዮቹ የመንግሥትን ግምጃ ቤት ለዒልም ከፈቱ፤ ማተሚያ ቤት አቆሙ፣ ተማሪ ወደ ውጭ ላኩ፣ ሙዚየም ሠሩ፣ ተመራማሪ ቀጠሩ፤ ስለዚህ እስልምናና ሳይንስ ጠበኞች አይደሉም ይላል። መደምደሚያውን እኛም እንቀበላለን። ማስረጃው ግን እንደገና መመርመር ይገባዋል። ይህን የምንለው ነገሩን ከካይሮ ሳይሆን ከነቀምቴ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ፣ ከቤጊና ከአሶሳ በኩል ቆመን ስለምናየው ነው። ያ ገንዘብ እስከዚህ ምድር ጠርዝ ድረስ ደርሶ ነበርና፣ ምን ይዞ እንደ መጣና ምን ይዞ እንደ ተመለሰ መጠየቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እውነት የሆነው

በመጀመሪያ ለትረካው የሚገባውን እንስጥ። የቡላቅ ማተሚያ ቤት በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። በ1826 ከአርባ የሚበልጡ ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ ወደ ፓሪስ ተላኩ፤ ኢማም ሆነው አብረዋቸው የተጓዙት የአዝሃሩ ሸይኽ ሪፋዓ አጥ-ጠህጧዊ ተመልሰው የዘመኑ ታላቅ ተርጓሚና መምህር ሆኑ። በ1835 ጥንታዊ ቅርሶች ከአገር እንዳይወጡ የሚከለክልና በካይሮ እንዲሰበሰቡ የሚያዝ ደንብ ወጣ። በ1858 የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1863 የቡላቅ ሙዚየም በኺዲቭ ኢስማዒል ተከፈተ። በ1870 የኺዲቩ ቤተ መጻሕፍት በዐሊ ሙባረክ አሳቢነት ተመሠረተ፤ በየመስጊዱና በየመድረሳው ተበትነው የነበሩ የእጅ ጽሑፎችም ወደዚያ ተሰበሰቡ። በ1875 የጂኦግራፊ ማኅበር ተጨመረ። በኢስታንቡልም በዚያው ትውልድ የንጉሠ ነገሥቱ ሙዚየም ተደራጅቶ፣ በ1881 ዑሥማን ሐምዲ በይ ኃላፊነቱን ሲረከብ፣ በ1884 የጠበቀ የቅርስ ሕግ ወጥቶ ነበር።

እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ሥራዎች ናቸው፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የ1835ቱ ደንብ ፍጻሜ ምን ሆነ? በደንቡ መሠረት ከተሰበሰበው የቀረውን፣ በ1855 ገዥው ሰዒድ ፓሻ ለኦስትሪያው መስፍን ለማክሲሚልያን በስጦታ አስረከበው፤ ስብስቡም ወደ ኦስትሪያ ተሻገረ። በመንግሥት ትእዛዝ የተሰበሰበ ነገር በመንግሥት ፈቃድ ተሰጠ። ከገዥው በላይ «ይህ የአንተ አይደለም» የሚል ተቆጣጣሪ አልነበረምና።

ገንዘቡ ከየት መጣ

የዚህን ቁጥጥር መጥፋት ለመረዳት ወደ ኋላ ትንሽ መመለስ ያስፈልጋል። ከሙሐመድ ዐሊ በፊት በግብፅ ዒልም የሚቆመው በወቅፍ ነበር። የመምህሩ ደመወዝ፣ የደረሳው እንጀራ፣ የመብራቱ ዘይት፣ የመጽሐፉ ግዢ፣ ለዚሁ ዓላማ ከተወቀፈ መሬትና ሱቅ ይገኝ ነበር። ከአገራችንና ከዘይላዕ አቅጣጫ የሄዱ ደረሶች በአዝሃር ያረፉበት የጀበርቶች ሪዋቅም በዚሁ ሥርዓት የሚኖር ነበር። የሪዋቁን አለቅነት ለትውልዶች የያዘው ቤተሰብ፣ ታላቁን የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲን (1753–1825) አፍርቷል። አባታቸው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ ነበሩ፤ በ1159 ሒጅራ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች በቤታቸው ጂኦሜትሪ እንደ ቀሰሙ ልጃቸው ጽፈዋል። መንግሥት ሳይቀጥራቸው፣ ሙዚየም ሳይኖር፣ ምርምር በአንድ የጀበርቲ ቤት ይካሄድ ነበር ማለት ነው።

ሙሐመድ ዐሊ ከ1812 እስከ 1814 ባሉት ዓመታት ለመስጊዶችና ለመድረሳዎች የተወቀፈውን የእርሻ መሬት በመንግሥት እጅ አስገባ። ካሳ እንደሚከፈል ተነገረ፤ የተከፈለው ግን የመሬቱን ፍሬ የሚተካ አልነበረም። አል-ጀበርቲ ይህን በምሬት መዘገቡ፤ ታሪካቸውም በግብፅ ሙሉ ሆኖ የታተመው ከሞቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ገዥው በኋላ ለምርምር ያወጣው ገንዘብ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። ዑለማእን ራሳቸውን ችለው እንዲያስተምሩ ያደርግ የነበረው ሀብት ወደ አንድ ግምጃ ቤት ከገባ በኋላ፣ ከዚያው ግምጃ ቤት ገዥው ለፈለገው ጥያቄ ብቻ ተቆርሶ ይወጣ ጀመር። «መንግሥት ዒልምን ደገፈ» ስንል ይህን ግማሽ መተው የለብንም።

ጥያቄው የማን ነበር

የገዥው ጥያቄ ምን እንደ ነበር ከወለጋ ምዕራባዊ ጠርዝ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። የግብፅ ሠራዊት በ1820 ወደ ሱዳን ዘመተ፤ በ1821 ሰናር እጁን ሰጠ፤ በ1822 መጀመሪያ የፓሻው ልጅ ኢስማዒል ፋዞግሊን አልፎ ዛሬ ቤኒሻንጉል ወደምንለው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ወደ ነበረው ምድር ገባ። የዘመቻው ዓላማ ሁለት ነበር፦ ለአዲሱ ሠራዊት የሚሆኑ ባሮችና ወርቅ። ከሠራዊቱ ጋር ፈረንሣዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ነበረ፤ ቀደም ሲል የፓሻው የማዕድን ፈላጊ ሆኖ የሠራ፣ አሁን ደግሞ ከፈረንሣይ መንግሥት ተልእኮ የተቀበለ ሰው ነው። ሠራዊቱ መንደር ሲወርር እርሱ ዕፅዋትና ድንጋይ ይሰበስባል፤ ኬክሮስ ይለካል። መጽሐፉ በ1826 እና በ1827 በፓሪስ በንጉሡ ማተሚያ ቤት ታተመ። ራሱም በኋላ በትውልድ ከተማው በናንት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ኦስትሪያዊው የማዕድን መሐንዲስ ዮሴፍ ሩሴገር በሙሐመድ ዐሊ ተቀጥሮ በ1838 ወደዚሁ ስፍራ መጣ። ስለ ወርቁ ተስፋ ሰጪ ዘገባ አቀረበ፤ ፓሻው ሰባ ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ዕድሜ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ፋዞግሊ ጉዞ ጀመረ፤ ያሰበውን ያህል ወርቅ አላገኘም። ተስፋውን ግን አልቆረጠም። ሁለት ግብፃውያን መሐንዲሶች የወርቅ ማጠብ ሥራ እንዲማሩ ወደ ሩሲያ ኡራል ተላኩ፤ በ1847 እና በ1848 ደግሞ ሩሲያዊው መሐንዲስ ዬጎር ኮቫሌቭስኪ ተጋብዞ በቱማት ወንዝ አካባቢ የወርቅ ማጠቢያ አቆመ። ለአንድ ጅረትም በፒተርስቡርግ ባለ ወንዝ ስም «ኔቭካ» የሚል ስም አወጣ። በዚያ ጅረት ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩት የበርታ ሰዎች ቀድሞውኑ ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር፣ ስሙን ያወጣው ሰው ሊጨነቅበት የሚገባ ጉዳይ ሆኖ አልታየውም።

ከሠላሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት ባለሙያዎች፣ ሦስት የአውሮፓ ቋንቋዎች፣ አንድ ከፋይና አንድ ጥያቄ እናያለን። ወርቁ የት አለ? ስንት ይወጣል? በስንት ሰው ጉልበት? የምድሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚያውቁት ዕውቀት፣ የሱዳን ነጋዴዎችና ፈቂሆች በዚያ ያስገቡት እስልምና፣ ቤኒሻንጉልን ከሌቃ ኦሮሞ ገበያዎች ጋር ያገናኘው የጨውና የወርቅ ንግድ፣ ወደ መጻሕፍቱ የገባው መንገድ ላይ ስለ ተገኘ ብቻ ነው። እጅግ የሚከብደው ደግሞ ሌላው ነው። ዘመቻው ሰውን ያጠምድ ነበር። ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን በሚበላ ሰው ላይ በሐዲሥ እንዴት ያለ ብርቱ ዛቻ እንደ ተነገረ መምህራኖቻችን ያውቃሉ። ይህን ዘመቻ የላከው መንግሥት የሙስሊም መንግሥት መሆኑ ፍርዱን አያቀልለትም፤ ያከብደዋል እንጂ።

ፍሬው የት ገባ

ስለ ፍሬው ሁለት ምሳሌ ይበቃናል። የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። የባቫሪያው መስፍን ማክሲሚልያን በ1838 ግብፅን ጎብኝቶ ሲመለስ ከካይሮ የባሪያ ገበያ የተገዙ አፍሪካውያን ወጣቶችን ይዞ ሄደ፤ ከእነርሱ መካከል ኦሮሞዎች ነበሩ። ካርል ቱቸክ የተባለ ምሁር ከአንደበታቸው ቃል በቃል ለቅሞ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት በ1844፣ ሰዋስዉም በ1845 በሙኒክ ታተሙ። ኦሮምኛ በዚህ መጠን ከተጠናባቸው ከቀደምቱ የታተሙ ሥራዎች መካከል የሚቆጠር መጽሐፍ የተገኘው፣ ከወላጆቻቸው ከተነጠቁ ልጆች ትዝታ ነው። መጽሐፉ ሙኒክ ቀረ፤ የልጆቹ ወገኖች አላነበቡትም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወለጋ ያወጣናል፤ የአገራችን ሙስሊሞች ሁሉ የሚያውቁት ስለ ሆነ ግን ነገሩን ያበራልናል። የካይሮው የጂኦግራፊ ማኅበር የተመሠረተው በ1875 ነው አልን። በዚያው ዓመት በጥቅምት የኺዲቭ ኢስማዒል ጦር ሐረር ገብቶ ከተማዋን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። በማግሥቱ በ1876 የግብፅ ጦር መኮንን ሙሐመድ ሙኽታር ስለ ሐረር ያዘጋጀው ጥናት በማኅበሩ መጽሔት ወጣ፤ የተጻፈውም በፈረንሳይኛ ነው። ለዘመናት ዑለማእ ያፈራች፣ የራሷ የእጅ ጽሑፍና የወቅፍ መዝገብ የነበራት የሙስሊም ከተማ፣ በሙስሊም መንግሥት ተወርራ፣ በሙስሊም መኮንን ተጠንታ፣ ራሷ በማታነበው ቋንቋ ለሌሎች ቀረበች። ማኅበሩን ያቆመው ግምጃ ቤትም በ1876 በዕዳ ተይዞ በአውሮፓ አበዳሪዎች ቁጥጥር ሥር ወደቀ።

ሁለት መከራከሪያዎች

አንባቢ ሁለት ነገር ሊያነሣብን ይችላል። አንደኛው፣ የአውሮፓ መንግሥታትስ ከዚህ የባሰ አላደረጉምን? የሚል ነው። አድርገዋል። በ1868 እንግሊዝ መቅደላን ስትይዝ፣ ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ከጦሩ ጋር ተመድቦ ነበር፤ ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ሙዚየሙ ገቡ። ነገር ግን የሌላው በደል የራሳችንን አያጸድቅም። ስለ መቅደላ በደል በድፍረት የሚናገር መምህር ስለ ፋዞግሊና ስለ ሐረር ዝም ካለ፣ ደረሳው አንድ ቀን ሁለቱንም ያነባል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው የግብፅ ክብር ሳይሆን የመምህሩ ታማኝነት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው። እነዚያ ተጓዦች ባይጽፉ ኖሮ ስለ 19ኛው ምዕተ ዓመት ምዕራብ ወለጋ ምን እናውቅ ነበር? ይላል። እውነት ነው። ጣልያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ በ1981 በኔፕልስ ያሳተሙት፣ ጨውን፣ ወርቅንና የሥልጣን ሕጋዊነትን በርእሱ የያዘው የቤኒሻንጉልና የወለጋ ታሪክ፣ እነዚያን የጉዞ መጻሕፍት በሰፊው ተጠቅሟል። ነገር ግን ሥራውን ከእነርሱ የለየው ምንድን ነው? ትሪዩልዚ መጻሕፍቱን ከአገሩ ሽማግሌዎች ቃል ጋር አገናዝበዋል፤ ሰዎቹ ስለ ዘራቸው፣ ስለ ሸይኾቻቸውና ስለ መሬታቸው የሚሉትን ጠይቀዋል። አሮጌው መጽሐፍ አዲስ ጥያቄ ሲቀርብለት ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። ስለዚህ የምንለው «አታንብቡ» አይደለም። የምንለው፣ ማን እንደ ከፈለና ምን እንደ ተጠየቀ ለይታችሁ አንብቡ ነው።

የምንመዝንበት ሚዛን

ለዚህ መለያ የሚሆን ሚዛን ከውጭ መበደር አያስፈልገንም። በፊቅህ መጻሕፍት ስለ ወቅፍ የተማርነው ይበቃል። ወቅፍ የወቃፊው ግልጽ ሸርጥ አለው፤ ተጠያቂ ናዚር አለው፤ የሚጠቀሙት እነማን እንደ ሆኑ አስቀድሞ የተነገረ ነው፤ ንብረቱም አይሸጥም፣ አይሰጥም። የሙዚየምና የምርምር በጀትን፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በእነዚህ አራት ብንመዝነው የካይሮው ድጋፍ የት እንደ ወደቀ እናያለን። ዓላማው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ተቆጣጣሪ አልነበረውም፤ ተጠቃሚው ከፋዩ ነበር፤ የተሰበሰበውም በአንድ ሰው ፈቃድ ተሰጠ። ይህን ስንል የወቅፍን ዘመን እንከን የለሽ አድርገን አንሥልም። የወቅፍ ሀብት የበሉ ናዚሮች ታሪካቸው በፈትዋ መጻሕፍት ሞልቷል። ልዩነቱ፣ የናዚሩ ስርቆት ስርቆት ተብሎ በቃዲ ፊት ሊከሰስ መቻሉ ነው፤ የፓሻው ስጦታ ግን «የመንግሥት ሥራ» ተባለ።

የነቀምቴ ወረቀቶች

በዚህ ሚዛን የራሳችንን ከተማ ስንመለከት አንድ የሚያስተምር ነገር እናገኛለን። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ከማዕከላዊ መንግሥት ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በቤታቸው ተጠብቀው ቆዩ። ስለ ወርቅ ግብር፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ መሬትና ስለ ንግድ የሚናገሩ ወረቀቶች ናቸው። ሙዚየም አልነበረም፤ በጀትም አልተመደበላቸውም። ከብዙ ዘመን በኋላ ትሪዩልዚና ኢትዮጵያዊው የታሪክ ሊቅ ተሰማ ታአ «የወለጋ የታሪክ ሰነዶች» በሚል ርእስ አዘጋጅተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ታተሙ። ሰነዶቹ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን ዘመን ይሸፍናሉ። ካዮ ስለ ወርቁ የጻፈው በናንትና በፓሪስ ሲነበብ፣ የኩምሳ ቤት ስለ ወርቁ ያስቀመጠው ግን በአማርኛ፣ በአገር ውስጥ፣ ለማንኛውም መምህር የሚነበብ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወረቀቱ ከተጻፈለት ቤት አልወጣም፤ የወጣው ቅጂው ነው።

ከዚህ ወደ ራሳችን ወቀሳ እንመጣለን። የወለጋ ሙስሊሞች ታሪክ የተጻፈባቸው ወረቀቶች የት ናቸው? በየመስጊዱ ያሉ የኒካሕና የውርስ መዝገቦች፣ የሸይኾች ኢጃዛዎች፣ በእጅ የተገለበጡ ሙስሐፎችና የፊቅህ መትኖች፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የኦሮምኛ ነሺዳዎች፣ በቤጊ አቅጣጫ በያእ የሚገኘውን የአል-ፋቂ አሕመድ ዑመርን መቃም የዘየሩ ሰዎች ይዘው የተመለሱት ዊርድና ደብዳቤ፣ በአብዛኛው በሣጥን፣ በከረጢትና በጣራ ሥር ናቸው። አንዳንዱ ለአይጥና ለዝናብ፣ አንዳንዱ ለሻጭ ተጋልጧል። በነቀምቴ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የወለጋ ሙዚየም አለ፤ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም ለጎብኚ የቆመ ቅርስ ነው፤ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። የቅርስ አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ ቅርስን በግልና በማኅበር ይዞታ መያዝን ሳይከለክል እንዲመዘገብ ያዛል። በሩ የተዘጋ አይደለም። ያልተዘጋጀነው እኛ ነን።

የሚቀርብልን ፈተና ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ፣ «መንግሥት ይሥራልን» ብሎ መቀመጥ ነው፤ የካይሮ ታሪክ ሌላው የከፈለበት ጥያቄ የሌላው ጥያቄ ሆኖ እንደሚቀር አሳይቶናል። ሌላው፣ ከፍርሃት የተነሣ ሁሉን መደበቅ ነው፤ የተደበቀ ወረቀት ደግሞ ከተዘረፈው ባልተናነሰ ይጠፋል። መካከለኛው መንገድ ይኸው ነው። እያንዳንዱ መስጊድ በጀመዓው ፊት በእጁ ያለውን ይቁጠር፤ በአንድ ደብተር ርእሱን፣ የገጹን ብዛት፣ ባለቤቱን፣ ከማን እንደ ተወረሰ ይጻፍ። ተመራማሪ ሲመጣ፣ ከየትም ይምጣ፣ አራቱ ጥያቄዎች በአክብሮት ይቅረቡለት፦ ዓላማህ ምንድን ነው? ተጠያቂህ ማን ነው? ፍሬው ለማን ይደርሳል? ኦሪጅናሉስ የት ይቀራል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ለመልካም ተመራማሪ ይህ ሸክም አይሆንበትም፤ ደስ ብሎት ይፈርማል። የመንግሥት ሙዚየምም በጀት ሲጠይቅ፣ የሙስሊሙ ክፍል ምን እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር ቢቀርብለት ይጠቅመዋል እንጂ አይከፋም።

ለመምህራን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምራለን። ስለ ሙሐመድ ዐሊ ስታስተምሩ ጥጠህጧዊን አትተዉ፤ ከእርሳቸው ጎን ግን አል-ጀበርቲን አስቀምጡ። ስለ ቡላቅ ሙዚየም ስትናገሩ ስለ ቱማት ወንዝም ተናገሩ። የአሶሳ ወይም የመንዲ ደረሳ በዓለም የሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ ራሱን የሚያገኘው የሌሎችን ክብር በመቁጠር ብቻ አይደለም፤ አያቶቹ በዚያ ታሪክ ውስጥ ምን እንደ ደረሰባቸው ከመምህሩ አፍ ሲሰማም ነው። የእስልምና ክብር እውነትን በመደበቅ የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ፣ የሐዲሥ ሊቃውንት በራሳቸው ዘጋቢዎች ላይ ያን ያህል ጥብቅ ምርመራ ባላደረጉ ነበር።

ወላሁ አዕለም። አላህ ተውፊቁን ይስጠን።